ፒዮትር ካፒትሳ፤ ከሃይድሮጂን ውስጥ ኃይል የፈለገው ሊቅ

የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ማንበብ ለተማሪ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ያለፉት ሰዎች እንዴት እንደ ደከሙ ስለሚያሳይ ስንፍናን ያስንቃል፤ ሁለተኛ፣ ሊቅ የሚባለውም ሰው እንደ እኛው የሚያዝንና የሚቸገር መሆኑን ስለሚያስረዳ ልብን ያበረታል። እኔም በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ እንድጽፍ ዕድል ባገኘሁ ጊዜ፣ የሩሲያ ተወላጅ የነበረውን የፊዚክስ ሊቅ የፒዮትር ሊዮኒዶቪች ካፒትሳን ሕይወት በአጭሩ ለአንባብያን ለማቅረብ አሰብኩ። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካፒትሳን ከብዙዎቹ ሊቃውንት መካከል የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከውሃ፣ ይልቁንም በውሃ ውስጥ ካለው ከሃይድሮጂን፣ ማለቂያ የሌለው ኃይል ይገኛል የሚል ወሬ በየጊዜው እንሰማለን። ጓደኞቼም የሳይንስ ተማሪ መሆኔን ስለሚያውቁ ነገሩ እውነት እንደ ሆነ ይጠይቁኛል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ርካሽ ኃይል ተገኘ ማለት ለብዙ ቤት መብራት፣ ለብዙ እናት ከማገዶ ሸክም ማረፍ ማለት ነውና። ካፒትሳ ማይክሮዌቭ በሚባሉት አጫጭር የራዲዮ ሞገዶች አማካይነት ይህን ኃይል ከሃይድሮጂን ጋዝ ለማውጣት ብዙ ዓመታት ደክሟል። እርሱ እንዴት እንደ ፈለገ ማወቅ፣ እውነተኛውን ምርምር ከወሬው ለመለየት ይረዳናል ብዬ አምናለሁ።

ካፒትሳ የተወለደው በ1894 ዓ.ም. በሴንት ፒተርስበርግ አጠገብ በምትገኘው በክሮንሽታት ነው። ክሮንሽታት የባሕር ኃይል ምሽግ ያለባት ከተማ ነበረች፤ አባቱ ሊዮኒድም የጦር መሐንዲስ ነበር። እናቱ ኦልጋ የሕፃናትን ተረትና ጨዋታ የምትመረምር የተማረች ሴት ነበረች። ልጁ አድጎ በከተማው ፖሊቴክኒክ ገባ፤ በዚያም አብራም ዮፌ ከሚባለው ስመ ጥሩ መምህር እጅ የፊዚክስን ትምህርት ቀሰመ።

ነገር ግን ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ በጀመረበት ጊዜ ከባድ መከራ ደረሰበት። በ1919 ዓ.ም. መጨረሻና በ1920 ዓ.ም. መጀመሪያ አገሩ በአብዮትና በእርስ በርስ ጦርነት ታምሳ፣ ረኃብና ወረርሽኝ በከተማው ገብተው ነበር። በዚያ ክረምት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አባቱን፣ ገና ሁለት ዓመት የሆነውን ወንድ ልጁን፣ ባለቤቱንና አዲስ የተወለደችውን ሴት ልጁን በበሽታ አጣ። ሰውየው ገና 26 ዓመት አልሞላውም ነበር። መምህሩ ዮፌ ሐዘኑን አይቶ፣ ለሳይንስ መሣሪያ መግዣ ወደ ውጭ አገር ከሚሄደው ቡድን ጋር ይዞት ወጣ። እንዲህ ሆኖ ካፒትሳ በ1921 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ገባ።

በዚያን ጊዜ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የካቬንዲሽ ቤተ ሙከራ አለቃ፣ የአቶምን አስኳል ያገኘው ኧርነስት ራዘርፎርድ ነበር። ካፒትሳ በእርሱ ዘንድ ለመሥራት ቢለምን ራዘርፎርድ ቦታው ሞልቷል ብሎ መለሰው። ካፒትሳም በሙከራዎቹ ላይ ምን ያህል ስሕተት እንደሚፈቅድ ራዘርፎርድን ጠየቀው ይባላል። ከመቶ ጥቂት ነው ቢለው፣ እንግዲያውስ ከ30 ሠራተኞች ላይ አንድ ሰው ቢጨመር በስሕተቱ ልክ ውስጥ ይገባል ብሎ አሳመነው ይላሉ። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም የካፒትሳን ጠባይ ያሳያል፤ የሚያስበውም የሚቀልደውም በልክና በቁጥር ነበር።

በካምብሪጅ 13 ዓመት ሠራ። እጅግ ኃይለኛ የማግኔት መስክ ለመፍጠር ፈልጎ፣ ብዙ ኤሌክትሪክ በጠመዝማዛ ሽቦ ውስጥ ቢለቀቅ ሽቦው እንደሚቀልጥ ስላወቀ፣ ኤሌክትሪኩን ከሴኮንድ መቶኛ ለሚሆን ጊዜ ብቻ ለመልቀቅ አሰበ። ሽቦው ለመጋል ጊዜ ሳያገኝ ሙከራው ያልቃል ማለት ነው። ትልቁ መኪና በድንገት ሲገታ ወለሉን ስለሚያናውጠው፣ የሚመረመረውን ነገር 20 ሜትር ያህል አራቀው፤ መናወጡ እስኪደርስ ድረስ ሥራው ተፈጽሟልና። በዚህ ዘዴ 320,000 ጋውስ የሚደርስ መስክ አገኘ። በ1929 ዓ.ም. የእንግሊዝ የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ፤ በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ሞንድ የተባለ ቤተ ሙከራ ተሠርቶለት ተመረቀ። በሕንፃው ግድግዳ ላይ አዞ አስቀርጾበታል፤ ካፒትሳ ራዘርፎርድን በፍቅርና በአክብሮት አዞ እያለ ይጠራው ነበርና። ሁለተኛ ሚስቱን አና ክሪሎቫንም በ1927 ዓ.ም. አግብቶ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለደ።

በ1934 ዓ.ም. ዘመዶቹን ለመጠየቅና ለስብሰባ ወደ ሶቪየት ኅብረት በሄደ ጊዜ መንግሥቱ እንዳይመለስ ከለከለው። ሚስቱ ወደ ልጆቹ ስትመለስ እርሱ ያለ መሣሪያ፣ ያለ ሥራ ቀረ። ኋላ ግን በሞስኮ የፊዚክስ ችግሮች ኢንስቲትዩት የሚባል ተቋም ተመሠረተለት፤ ራዘርፎርድም በቅንነት ተስማምቶ፣ የሞንድ ቤተ ሙከራ መሣሪያዎች በ30,000 ፓውንድ ለሶቪየት መንግሥት እንዲሸጡ አደረገ። ቤተሰቡም ተከትለውት ሞስኮ ገቡ። በዚያ ተቋም ካፒትሳ የሂሊየምን ጠባይ መረመረ። ሂሊየም ከዜሮ በታች 271 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲቀዘቅዝ ፈሳሹ ያለ አንዳች መሰናክል እጅግ በጠባብ ቀዳዳ እንደሚያልፍ አገኘ፤ ይህንንም በ1938 ዓ.ም. መጀመሪያ ለዓለም አሳወቀ። በዚያው ጊዜ አለንና ማይዝነር የተባሉ ሁለት ሰዎችም በካምብሪጅ ይህንኑ አግኝተው ነበር።

እስከዚህ ያነበበ ሰው ካፒትሳን በመሣሪያ ብቻ የሚኖር ሰው አድርጎ ሊያስበው ይችላል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አልነበረም። በ1938 ዓ.ም. በተቋሙ የሚሠራው ወጣቱ ሊቅ ሌቭ ላንዳው ታሰረ። ያ ጊዜ ለታሰረ ሰው መናገር ራስን ማሳሰር የሚሆንበት፣ ወንድም ወንድሙን አላውቅም የሚልበት ዘመን ነበር። ካፒትሳ ግን ለስታሊን ራሱ ደብዳቤ ጻፈ፤ ደጋግሞም ለባለሥልጣኖች አመለከተ። ከአንድ ዓመት በኋላ ላንዳው በካፒትሳ ዋስትና ተፈታ። ላንዳው ኋላ የሂሊየምን እንግዳ ጠባይ በሒሳብ አስረድቶ በ1962 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። አንድ ሰው በድፍረት ባይናገር ኖሮ ይህ ሁሉ ዕውቀት በወኅኒ ቤት ይቀር ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ካፒትሳ ኦክስጅንን ከአየር በብዛት የሚለይ አዲስ መኪና ሠርቶ አገሩን ጠቀመ፤ በ1945 ዓ.ም. ከፍተኛ ኒሻን ተሸለመ። በዚያው ዓመት የአቶም ቦምብ ለመሥራት በተቋቋመው ኮሚቴ ውስጥ አስገቡት። የኮሚቴው አለቃ የጸጥታው ሹም ላቭሬንቲ ቤሪያ ነበር። ካፒትሳ የቤሪያን አሠራር ነቅፎ፣ ከኮሚቴው እንዲያሰናብቱት ለስታሊን ጻፈ። ቤሪያን የሚያህል ሰው ተነቅፎ ዝም እንደማይል የታወቀ ነው። በ1946 ዓ.ም. ካፒትሳ ከመሠረተው ተቋም ተባረረ፤ የኦክስጅኑም ሥራ ከእጁ ተወሰደ። የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ የሠራው መኪና ሁሉ ዋጋ የለውም የሚሉ ብዙዎች ተነሡ።

ካፒትሳ ከሞስኮ ወጣ ብሎ ኒኮሊና ጎራ በሚባል መንደር ወዳለው ቤቱ ሄዶ ተቀመጠ። ዕድሜው 52 ዓመት ሆኖ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን በቍጭት ሲብሰለሰል ዘመኑን ይፈጅ ነበር፤ እርሱ ግን በግቢው ካሉት ትንንሽ ቤቶች አንዱን ቤተ ሙከራ አድርጎ ሥራ ጀመረ። መሣሪያውን በገዛ እጁ ይሠራ ነበር፤ ልጆቹም ያግዙት ነበር። ወዳጆቹ የቀድሞውን ተቋም ስም በቀልድ ለውጠው ቦታውን የፊዚክስ ችግሮች ጎጆ አሉት። በዚያ መጀመሪያ የስስ ፈሳሽን አወራረድ መረመረ፤ ይህ ብዙ መሣሪያ አይጠይቅምና። ቀጥሎ ግን ወደ ማይክሮዌቭ ዞረ።

ማይክሮዌቭ ማለት ርዝመታቸው በሴንቲሜትር የሚለካ የራዲዮ ሞገዶች ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ ሞገዶቹ በራዳር አማካይነት አውሮፕላን ለመፈለግ ጠቅመዋል፤ ዛሬም በየቤቱ ምግብ የሚያሞቀው ምድጃ የሚሠራው በእነርሱ ነው። ካፒትሳ የተመኘው ግን ለምልክት የሚሆን ደካማ ሞገድ ሳይሆን፣ ኤሌክትሪክ በሽቦ እንደሚሄድ ሁሉ ብዙ ኃይል ተሸክሞ የሚሄድ ሞገድ ነበር። ለዚህም ሥራ አዲስ ዓይነት መሣሪያ ፈለሰፈ።

በ1950 ዓ.ም. ከመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች አንዱን ሲፈትን፣ ሞገዱን ሂሊየም በሞላበት በኳርትዝ የተሠራ ድቡልቡል ዕቃ ውስጥ አሳለፈው። ኳርትዝ ከተራ መስታወት ይልቅ ሙቀትን እጅግ የሚችል ነገር ነው። በዕቃው ውስጥ ዳርቻው በግልጽ የሚታይ ብርሃን በራ። ብርሃኑ የቆየው ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነበር፤ የዕቃው ግድግዳ በአንድ በኩል ቀልጦ ተቀደደና ጠፋ። ከዚህ ሁሉ ዓመታት በኋላ ያደረገው ምርምር የተነሣው ከእነዚያ ጥቂት ሴኮንዶች ነው።

መጀመሪያ ወደ ሐሳቡ የመጣው ድቡልቡል መብረቅ ነበር። በነጎድጓድ ጊዜ አንዳንድ ሰዎች እንደ ኳስ ክብ የሆነ ብርሃን በአየር ላይ ሲንሳፈፍ እንዳዩ ይናገራሉ። ካፒትሳ እንዲህ ሲል አሰላ። የአቶም ቦምብ ሲፈነዳ የሚታየው 150 ሜትር የሚያህል የብርሃን ደመና ከ10 ሴኮንድ አይበልጥም፤ በዚያ ሒሳብ 10 ሴንቲሜትር የሆነ ኳስ ከሴኮንድ መቶኛ በላይ ሊበራ አይገባውም። ድቡልቡሉ መብረቅ ግን ብዙ ሴኮንድ ይቆያል። ስለዚህ ስንቁን በሆዱ ይዞ የሚሄድ ሳይሆን፣ ከውጭ በራዲዮ ሞገድ የሚመገብ መሆን አለበት ብሎ ደመደመ። ይህን ሐሳብ በ1955 ዓ.ም. አሳተመ። እስከ ዛሬ ሊቃውንቱ በድቡልቡል መብረቅ ምክንያት አልተስማሙም፤ የአስተሳሰቡን መንገድ ግን እኔ እጅግ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ሲያበራ አይቶ ተአምር ነው አላለም፤ ኃይሉ ከየት መጣ ብሎ ጠየቀ እንጂ።

ስታሊን በ1953 ዓ.ም. ሞተ፤ ቤሪያም በዚያው ዓመት ተይዞ ተገደለ። ካፒትሳ በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ተቋሙ አለቅነት ተመለሰ። በተቋሙም የማይክሮዌቭ መሣሪያውን አሳድጎ፣ በስደቱ መንደር በኒኮሊና ጎራ ስም ኒጎትሮን ብሎ ጠራው። ኒጎትሮን ሳያቋርጥ እስከ 175 ኪሎዋት ኃይል ይሰጥ ነበር፤ ይህም አንድ ኪሎዋት ከሚያወጣው የቤት ምድጃ ጋር ቢወዳደር 175 ምድጃ በአንድ ጊዜ እንደ መክፈት ያህል ነው።

አሁን ወደ ሃይድሮጂኑ ነገር ደርሰናል። ከሃይድሮጂን ኃይል የሚገኝበት መንገድ ሁለት መሆኑን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ማቃጠል ነው። ሃይድሮጂን ሲቃጠል ተመልሶ ውሃ ይሆናል፤ ነገር ግን መጀመሪያ ከውሃ ለመለየት የወጣው ኃይል ሲቃጠል ከሚገኘው አያንስም። ስለዚህ በውሃ ብቻ የሚሄድ መኪና አለ የሚል ሰው ከኪሱ ያወጣውን ገንዘብ መልሶ ቆጥሮ ትርፍ አገኘሁ እንደሚል ነጋዴ ነው። ሁለተኛው መንገድ የአቶሞችን አስኳሎች ማዋሐድ ነው። ፀሐይ የምታበራው በዚህ ነው፤ በያንዳንዱ ሴኮንድ 600 ሚሊዮን ቶን ያህል ሃይድሮጂን ወደ ሂሊየም ትለውጣለች። በምድር ላይ ለዚህ ሥራ የሚመቸው ዲዩተሪየም የሚባለው ከባድ ሃይድሮጂን ነው፤ በውሃ ውስጥ ከሚገኙት 6,500 ያህል የሃይድሮጂን አቶሞች አንዱ ዲዩተሪየም ነው። ችግሩ አስኳሎቹ እርስ በርስ ስለሚገፋፉ፣ ተጋጭተው እንዲዋሐዱ ብዙ ሚሊዮን ዲግሪ ሙቀት ማስፈለጉ ነው።

ካፒትሳ የኒጎትሮኑን ሞገድ ዲዩተሪየም ወይም ሃይድሮጂን በታመቀበት ትልቅ የብረት ዕቃ ውስጥ ሰደደው። በመካከሉ እንደ ገመድ የተዘረጋ፣ ግድግዳውን ሳይነካ የሚንሳፈፍ የብርሃን ዘንግ ታየ። ይህ ከሙቀት ብዛት አቶሞቹ የተበታተኑበት ፕላዝማ የሚባለው ነገር ነበር። ካፒትሳ ብርሃኑን መርምሮ፣ በዘንጉ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ሙቀታቸው አንድ ሚሊዮን ዲግሪ ያህል ነው ብሎ አመነ፤ ሥራውንም በ1969 ዓ.ም. አሳተመ። የኳርትዙን ዕቃ ካቀለጠው ብርሃን እስከዚህ ጽሑፍ ድረስ 19 ዓመት አለፈ። በእነዚህ ዓመታት ለኃይል እጦት መድኃኒት አገኘሁ ብሎ በአደባባይ አልፎከረም። እኔ ከሕይወቱ ሁሉ ይበልጥ የምደነቀው በዚህ ትዕግሥቱ ነው።

በ1978 ዓ.ም. ካፒትሳ 84 ዓመት ሲሆነው የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ግማሹ ተሰጠው። ሽልማቱ በቀዝቃዛ ነገሮች ምርምር ላይ ከ40 ዓመት በፊት ስለ ሠራው ሥራ ነበር። የቀረው ግማሽ ከሰማይ የሚመጣውን የማይክሮዌቭ ጨረር ላገኙት ለአሜሪካኖቹ ለፔንዚያስና ለዊልሰን ደረሰ። ካፒትሳ ወደ ስቶክሆልም ሄዶ ንግግር ሲያደርግ፣ የቀዝቃዛውን ነገር ምርምር ከተወ 30 ዓመት ያህል መሆኑን ገልጾ፣ ስለ ፕላዝማና ስለ አስኳል ውሕደት ተናገረ። ሽማግሌ ሰው በቀድሞ ክብሩ መኩራራት ሲችል፣ ገና ስላልጨረሰው ሥራ መናገርን መረጠ። በዚያም ተስፋውን ብቻ አላቀረበም፤ ኤሌክትሮኖቹ ቢግሉም ከባዶቹ አስኳሎች ሙቀቱን በቀላሉ እንደማይቀበሉ፣ ትልቁም መሰናክል ይኸው መሆኑን ገልጾ አስረዳ።

ታዲያ ውጤቱ ምን ሆነ? ብዙ የፊዚክስ ሰዎች የሚሊዮን ዲግሪውን ግምት ተጠራጠሩት፤ በዚያ መንገድም ኃይል የሚሰጥ ምድጃ አልተሠራም። ካፒትሳ በ1984 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር፣ 90 ዓመት ሊሞላው ሦስት ወር ሲቀረው፣ የፈለገውን ሳያገኝ ሞተ። ድካሙ ግን ከንቱ ነበር ማለት አይቻልም። ብርቱ ማይክሮዌቭ ፕላዝማን ለማሞቅ የሚጠቅም መሆኑ ዛሬ የታወቀ ነው፤ በደቡብ ፈረንሳይ በካዳራሽ በብዙ አገሮች ኅብረት በሚሠራው ትልቅ የውሕደት ምድጃ ውስጥ ለማሞቂያ ከታሰቡት ዘዴዎች አንዱ እርሱ ነው፤ መሣሪያው ግን የካፒትሳ ሳይሆን ሌሎች ሰዎች ያወጡት ዓይነት ነው።

ትርፍ ኃይል ተገኘ ሲባል ሒሳቡን መጠየቅ እንዴት እንደሚያስፈልግ በ2022 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር የሆነው ነገር ያስተምራል። በአሜሪካ የሊቨርሞር ቤተ ሙከራ ሊቃውንት 2.05 ሜጋጁል የጨረር ኃይል በዲዩተሪየምና በትሪቲየም ቅንጣት ላይ አሳርፈው 3.15 ሜጋጁል አገኙ። ይህ ታላቅ ድል ነው። ነገር ግን ጨረሩን ለማመንጨት ከኤሌክትሪክ መስመር የተወሰደው 300 ሜጋጁል ያህል ነበር። ሊቃውንቱ ሁለቱንም ቁጥር ሳይደብቁ ተናግረዋል። ገቢውንና ወጪውን አብሮ የማይናገር ግን፣ የቱንም ያህል የሚያበራ ነገር ቢያሳይ፣ ሊታመን አይገባውም።

የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፣ ውድ ጓደኞቼ ሆይ፤ እኔ ከካፒትሳ ሕይወት ሁለት ዓይነት ድፍረት ተምሬአለሁ። አንዱ ለታሰረ ባልንጀራ በኃያላን ፊት የሚናገር ድፍረት ነው፤ ይህን ዓለም ሁሉ ያደንቀዋል። ሁለተኛው ግን የራሱን ተወዳጅ ሐሳብ በሚዛን ላይ አስቀምጦ፣ ሚዛኑ ያላለውን የማይናገር ድፍረት ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አያየውም። ከመካከላችን ነገ መሐንዲስ ወይም ተመራማሪ የሚሆኑ አሉ። ለአገራችን ብርሃን የሚሆን ኃይል የመፈለጉ ዕጣ በእነርሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ያን ጊዜ ጎጆ ብቻ ቢኖራቸው በጎጆው ይጀምሩ፤ የሚያበራ ነገርም ቢያዩ ከመደሰታቸው በፊት ሚዛኑን ያምጡ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳልና፣ ትክክለኛ ልክ የያዘ ትንሽ ሥራ ልክ ከሌለው ትልቅ ወሬ ይበልጣል።